በዓለ ስምዖን፦ ተስፋን ተቀብሎ የማስረከብ ትምህርት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጌታችን በዓላት ዘጠኙ ዐበይት፣ ዘጠኙ ንዑሳን ተብለው ይቆጠራሉ። ከዐበይቱ ልደትን፣ ጥምቀትንና ትንሣኤን የማያውቅ የለም። ከንዑሳኑም መስቀል ደመራ ተደምሮለት፣ ቃና ዘገሊላም ጥምቀትን ተከትሎ በአደባባይ ይከበራሉ። የካቲት 8 ቀን የሚውለው በዓለ ስምዖን፣ በሌላ አጠራሩ ልደተ ስምዖን፣ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ደመራ የለው፣ ጥምቀተ ባሕር የለው፤ ካህናቱና ጥቂት ምእመናን አስበውት ይውላል እንጂ ከተማው ሥራውን አያቆምለትም። ወቅቱም አያግዘውም። ዐቢይ ጾም ቶሎ በሚገባበት ዓመት ጾሙ ከየካቲት 1 ጀምሮ ሊያዝ ስለሚችል በዓሉ በሱባኤ መካከል ይወድቃል፤ ጾሙ በሚዘገይበት ዓመት ደግሞ ሰው ከጥምቀት ግርግር ወጥቶ ጾመ ነነዌን ሲጠብቅ ሳይታወቅ ያልፋል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ግን ይህ ችላ የተባለ ቀን ስለ ተስፋ የሚያስተምረው ነገር በታላላቆቹ በዓላት እንኳ ይህን ያህል ጎልቶ አይታይም የሚል ነው። ትምህርቱ በአጭሩ ሲነገር፦ ተስፋ የሚፈጸመው ሰው ይዞት ሲቀር አይደለም፤ በክንዱ ተቀብሎ ለሌላው ሲያስረክበው ነው።

ታሪኩን የሚነግረን ወንጌላዊው ሉቃስ ብቻ ነው፤ በምዕራፍ 2 ከቁጥር 22 እስከ 40 ይገኛል። ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። በከተማው ስምዖን የሚባል ጻድቅና ትጉህ ሰው አለ፤ የእስራኤልን መጽናናት ይጠባበቃል፤ መሲሑን ሳያይ ሞትን እንደማያይ መንፈስ ቅዱስ ነግሮታል። በዚያ ቀን መንፈስ ወደ መቅደስ መራው፤ ሕፃኑን ታቀፈ፤ እግዚአብሔርን ባረከ፤ አሁን በሰላም እንዲያሰናብተው ለመነ። ቀጥሎ እናቲቱን አነጋገረ፤ ንግግሩም የሚያስደስት ብቻ አልነበረም። ከዚያ ከአሴር ወገን የሆነች የፋኑኤል ልጅ ነቢይቱ ሐና መጥታ አመሰገነች፤ የኢየሩሳሌምን ቤዛነት ለሚጠባበቁ ሁሉም ስለ ሕፃኑ ነገረቻቸው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ጽሑፉ የማይለውን ማስተዋል ይጠቅማል። ሉቃስ ስምዖን ካህን ነበር አይልም። የስምዖንን ዕድሜም አልጻፈም፤ ዕድሜዋ የተጻፈው የሐና ነው። ሥዕሎች ሁሉ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ አድርገው የሚያሳዩት ለመሞት ዝግጁ ሆኖ በመናገሩና ትውፊትም ስለሚደግፈው ነው። ወንጌላዊው ስለ ዕድሜውና ስለ ማዕረጉ ዝም ብሎ ስለ ጥበቃውና ስለ ክንዱ መናገሩ ዓይናችንን በየት ላይ እንድናሳርፍ እንደሚፈልግ ያሳያል። ሰውዬው የሚታወቀው በመጠበቁና በመቀበሉ ነው።

ቤተሰቡን ወደ መቅደስ ያመጡት ሁለት ሕጎች ናቸው። አንደኛው በዘሌዋውያን 12 የተጻፈው የወላድ ሕግ ነው። ወንድ የወለደች ሴት ሰባት ቀን፣ ከግዝረቱም በኋላ ሠላሳ ሦስት ቀን ትቆያለች፤ በድምሩ 40 ይሆናል። ሴት ለወለደች ቍጥሩ እጥፍ ሆኖ 80 ነው። ቀኑ ሲሞላ የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ርግብ ወይም ዋኖስ ታቀርባለች፤ ጠቦት ለመግዛት ዐቅም ያነሳት ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይበቃታል። ሉቃስ የጠቀሰው ይህን የድኾችን መሥዋዕት ነው። ሁለተኛው በዘጸአት 13 ያለው የበኵር ሕግ ነው፤ ማሕፀን የሚከፍት ወንድ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፤ በዘኍልቍ 18 እንደተደነገገውም በአምስት ሰቅል ይዋጃል። ሉቃስ ሕጉን እየጠቀሰ ዋጁን ግን አልጠቀሰም፤ ሕፃኑ በጌታ ፊት ሊቆም እንደ መጣ ብቻ ይነግረናል። ስለዚህ የዕለቱ የመጀመሪያ አስረካቢዎች ስምዖን ሳይመጣ በፊት ያሉት ወላጆች ናቸው። ከምንም በላይ የሚወዱትን፣ በአርባ ቀኑ፣ የእኛ ብቻ አይደለም ብለው አቀረቡት። ያቀረቡት በጠቦት አለመታጀቡም ለመልእክቱ ይስማማል፤ ለማስረከብ ባለጠጋ መሆን አያስፈልግም።

የአርባ ቀኑ ነገር ለኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ቅርብ ነው። ከታኅሣሥ 29 ጀምራችሁ ብትቈጥሩ የካቲት 8 አርባኛው ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍት ቅዱሳት የምትቈጥረው፣ ሙሉ ጽሑፉም በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረልን መጽሐፈ ኩፋሌ የዚህን ሕግ ሥር ከሙሴ በፊት ወደ ኤደን ይወስደዋል። በኩፋሌ ምዕራፍ 3 እንደተጻፈው አዳም ወደ ገነት የገባው በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ነው፤ ለወላዶች የተሰጠው ቀን የመጣውም ከዚያ ነው። መጽሐፉ ገነትን ራሷን እንደ ቅድስተ ቅዱሳን ያያታል። በዚህ ዓይን የካቲት 8ን ስንመለከት በዓሉ ሌላ ጥልቀት ያገኛል፤ ዳግማዊ አዳም በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ መግባቱ ፊተኛው አዳም የገባባትንና የወጣባትን ደጅ እንደገና መክፈት ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዳምና ሔዋን ያጡት ልጅነት በዚያ ቀን ይመለስላቸዋል ተብሎ ይታመናል። የክርስትናውን ሥርዓት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የስምዖንን ሥራ በዚያ ያገኘዋል። የክርስትናው አባት ወይም እናት ሕፃኑን ከወላጆቹ ተቀብለው ያቅፉታል፤ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው ስለ እርሱ ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ስለ እርሱ ሃይማኖትን ይመሰክራሉ። ሕፃኑ አፍ የለውም፤ ያቀፈው ሰው አፍ ይሆነዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ወደ እናቱ እቅፍ ይመለሳል፤ አቃፊው ግን አበ ልጅ ሆኖ ይቀራል፤ የዘመድ ወግና የማስተማር ኀላፊነት ይዞ ይሄዳል እንጂ ልጁን ይዞ አይሄድም።

በዓሉ በዓለም ዙሪያ የተጓዘበት መንገድም ይህንኑ ይመሰክራል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከምዕራብ አገር ተነሥታ ቅዱሳት መካናትን የተሳለመችው ኤገርያ በኢየሩሳሌም ከኤጲፋንያ በኋላ ያለው አርባኛ ቀን በታላቅ ክብር፣ በትንሣኤ ሥርዓት አምሳል ይከበር እንደነበር ጽፋለች፤ ካህናቱም ኤጲስ ቆጶሱም በዚያ ቀን የሚሰብኩት ስምዖንና ሐና ሕፃኑን ስላዩበት የወንጌል ክፍል ነበር። በ542 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በዓሉን በቍስጥንጥንያ አጸና። ልደትን በዲሴምበር 25 የሚያከብሩት ምዕራባውያን በፌብሩዋሪ 2 ሻማ ባርከው ያከብሩታል፤ ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን የሚያከብሩት አርመኖች በፌብሩዋሪ 14፣ ግብጻውያን ወንድሞቻችን ከእኛ ጋር በአንድ ዕለት፣ በአምሺር 8 ያውሉታል። ቀኑ የሚለያየው ሁሉም አርባውን ከየራሳቸው የልደት በዓል ስለሚቈጥሩ ነው። አንዱ ሻማውን፣ አንዱ መሥዋዕቱን፣ አንዱ የሽማግሌውንና የሕፃኑን መገናኘት አጉልቶ ያያል። በሁሉም ዘንድ ግን በመካከል ያለው አንድ ነው፤ ቀድሞ የነበረው አዲሱን በክንዱ ይቀበላል።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንግባ። ስምዖን ያየው ምንድን ነው? ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን አየ እንላለን፤ ነገር ግን በሥጋ ዓይኑ ያየው የአርባ ቀን ሕፃን ነው። ተአምር አላየም፤ ያን ጊዜ ዕውር አልበራም፣ ለምጻም አልነጻም። ስብከት አልሰማም፤ ሕፃኑ ገና አልተናገረም። መስቀሉንም ትንሣኤውንም አላየም። የሮም አገዛዝ አልተነሣም፤ ሄሮድስ በዙፋኑ ላይ ነበር፤ ያ ሁሉ የሚሆንበት መቅደስ ራሱ ሄሮድስ እያሳነጸው ያለ ሕንፃ ነበር። የእስራኤልን መጽናናት የጠበቀ ሰው በዚያ ዕለት ከመቅደስ ሲወጣ ከገባ ጊዜ የተለወጠ አንዳች የመንግሥት ነገር አላገኘም። እንዲያም ሆኖ ዓይኖቼ ማዳንህን አይተዋልና ይበቃኛል በሚል መንፈስ ለመሰናበት ፈቀደ። ብዙዎቻችን ይበቃኛል የምንለው ፍሬውን ስናይ፣ ምርቱን ስንሰበስብ፣ ስማችን በሥራው ላይ ሲጻፍ ነው። ስምዖን ግን መጀመሪያውን አይቶ ፍጻሜውን አመነ። ይህን ማለት የሚችል ሰው ተስፋውን ከራሱ ዕድሜ አስበልጦ ያየ ብቻ ነው። የጠበቀው ነገር በእርሱ ዘመን ካልተፈጸመ ከንቱ ነው ብሎ ቢያስብ ኖሮ፣ ሕፃን በእጁ ሲሰጡት ተስፋ መቍረጥ ነበረበት።

የስምዖን ጸሎት ሌላም ነገር ይዟል። የጠበቀው የእስራኤልን መጽናናት ነበር፤ ሲናገር ግን የሕዝቡን ክብር ከመጥቀሱ በፊት ለአሕዛብ የሚገለጥ ብርሃንን አነሣ። ልብ በሉ፤ የወገኑን ተስፋ ይዞ የኖረ ሰው ተስፋው በእጁ በገባበት ቅጽበት የወገኔ ብቻ አይደለም አለ። ማስረከብ ማለት ከአባት ወደ ልጅ ማስተላለፍ ብቻ አለመሆኑን የምንማረው እዚህ ነው፤ ከለመድነው አጥር ውጭ ላለው፣ ምናልባትም ለማንወደው፣ ማካፈል ጭምር ነው። ስምዖን ብርሃን ይሆናል ካላቸው አሕዛብ መካከል ከጊዜ በኋላ የአክሱም ሰዎችም ተገኙ። በዚህ በኩል ሲታይ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን በዓለ ስምዖንን ሲያከብር የሌላ ሕዝብ ሽማግሌ ስላስረከበው ነገር ምስጋና ያቀርባል። የሊቃውንቱ ትውፊትም ይህን ያጠነክረዋል። ስምዖን በንጉሥ በጥሊሞስ ዘመን በእስክንድርያ መጻሕፍትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ ከመለሱት ሊቃውንት አንዱ እንደ ነበረ፣ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲተረጉም የድንግል መፅነስ ቢያጠራጥረው ይህን በዓይኑ ሳያይ እንዳይሞት እንደተወሰነለት ይነገራል። ሕፃኑን ባቀፈ ጊዜም እንደ ጎልማሳ ታደሰ የሚሉ አሉ፤ የዕለቱ ልደተ ስምዖን መባልም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ታሪክን በዓመት የሚመዝን ሰው እዚህ ላይ እጁን ያነሣል። በጥሊሞስ ፊላዴልፎስ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ትርጉሙም በዚያ ዘመን ተጀመረ፤ ስምዖን ያኔ ከነበረ በመቅደስ ሲቆም ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወንጌሉም ይህን አይናገርም ይላል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም፤ ሉቃስ ያልጻፈውን ሉቃስ ጻፈው ማለትም አይገባንም። እኔም ክርክሬን በዚህ ትውፊት ላይ አልመሠርትም። ትውፊት ግን ከዘመን ቍጥር ሌላ የሚመዘንበት ሚዛን አለው፤ አባቶች የበዓሉን ምሥጢር እንዴት እንደተረዱት ይገልጥልናል። ስምዖንን ከእርሻ ወይም ከጦር ሜዳ አላመጡትም፤ ከተርጓሚዎች መካከል አመጡት። ተርጓሚ ደግሞ የወገኑን መጽሐፍ ለባዕድ ጆሮ የሚያስረክብ ሰው ነው። የእኛ የግእዝ ብሉይ ኪዳን በዋናነት የተተረጎመው ከዚያው ከጽርዕ ትርጉም መሆኑን ካስታወስን፣ ትውፊቱ በስምዖን በኩል የራሳችንንም ታሪክ እየነገረን ነው። የተጠራጠረ ሰው በጥርጣሬው አልተጣለም፤ ረጅም ጊዜ ተሰጠው። የተቀበለውን ለሌሎች ሲያሻግር የኖረ ሰውም በመጨረሻ የመጽሐፉን ባለቤት ተቀበለ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለስምዖን የሰጠችውን ቦታ በመዝሙረ ዳዊት መጽሐፋችን ውስጥም ማየት ይቻላል። ዳዊት የሚደግም ሁሉ እንደሚያውቀው ከመዝሙራቱ በኋላ 15 መኃልየ ነቢያት ይከተላሉ። በሙሴ ምስጋና ይጀምራሉ፤ የሳሙኤልን እናት ሐናን፣ ሕዝቅያስን፣ ምናሴን፣ ዮናስን፣ ሠለስቱ ደቂቅን፣ ዕንባቆምንና ኢሳይያስን አልፈው ወደ እመቤታችንና ወደ ዘካርያስ ይደርሳሉ፤ የመጨረሻው የስምዖን ጸሎት ነው። ባሕርን ተሻግሮ በድል የዘመረው ሙሴ የከፈተውን መድረክ ሕፃን ያቀፈው ስምዖን ይዘጋዋል። የነቢያት ወገን በእርሱ ላይ ቃሉን ጨረሰ። ከነቢያት ሁሉ ዕድለኛው ነው ማለት ይቻላል፤ እነርሱ ከሩቅ የተሳለሙትን እርሱ ነክቶታል። ዕድሉን ግን ለራሱ አልያዘም። ሕፃኑን ለእናቱ መልሶ ሰጥቶ ከታሪኩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሉቃስ ስሙን አያነሣም። አገልጋይ ከሥራው ጋር ሊኖረው የሚገባውን ግንኙነት ለማስተማር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላውቅም።

የሐና ድርሻ ብዙ ጊዜ በስምዖን ጥላ ሥር ይሸፈናል፤ ያለ እርሷ ግን የበዓሉ ትምህርት ግማሽ ይሆናል። ከባሏ ጋር የኖረችው ሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ መበለት ሆነች፤ 84 ዓመት በስሟ ተጽፏል፤ በጾምና በጸሎት ሌሊትና ቀን ከመቅደስ አትለይም ነበር። ስምዖን ተቀብሎ ለመሰናበት ይለምናል፤ ሐና ተቀብላ ለማውራት ትወጣለች። አንዱ ቦታውን ያስረክባል፣ አንዷ ወሬውን። በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት በሸንጎ የነበረው ክብደት አነስተኛ መሆኑን ስናስብ፣ ሉቃስ ስሟን፣ አባቷን፣ ነገዷንና ዕድሜዋን ዘርዝሮ መጻፉ ያለ ምክንያት አይመስልም። በኢየሩሳሌም ተስፋ ለሚያደርጉ ሁሉ ከመልአክና ከእረኞች ቀጥሎ ዜናውን ያደረሰች እርሷ ናት። ስለዚህ በዓለ ስምዖንን የሽማግሌ መሰነባበቻ ብቻ አድርጎ መስበክ ወንጌሉን ማጕደል ነው።

እስካሁን ባልኩት ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው ከምእመናን ዘንድ የሚመጣ ነው። በዓሉ የጌታ በዓል ሆኖ ሳለ ስለ ስምዖን ይህን ያህል ማውራት የጌታን ክብር አይቀንስም ወይ? ደግሞስ ንጽሕት ድንግል የመንጻት መሥዋዕት ማቅረቧ፣ የሕግ ባለቤትም በሕግ ሥር መሆኑ እንዴት ይታያል? ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው። ጌታ በዮርዳኖስ የተጠመቀው ኃጢአት ኖሮበት አልነበረም፤ በአርባ ቀኑ የገባውም ግዴታ ኖሮበት አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች እንዳስተማረው ከሕግ በታች የተወለደው ከሕግ በታች ያሉትን ሊዋጅ ነው፤ እናቱም በትሕትናዋ ከእርሱ አልተለየችም። ራሱን በሰው እጅ ለመታቀፍ አሳልፎ መስጠቱ የዕለቱ ትልቁ ማስረከብ ነው። የስምዖን ክንድ የሚያስደንቀን የታቀፈው እርሱ ስለሆነ ነው። ስለ አቃፊው መናገር የታቃፊውን ክብር ይገልጣል እንጂ አያሳንሰውም፤ የኢየሩሳሌም ካህናት በኤገርያ ዘመን በዚያ ቀን ስለ ስምዖንና ሐና ይሰብኩ የነበሩትም ይህን ስላወቁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚነሣውም በኑሮ ከተፈተኑ ሰዎች ነው። ጠብቁ፣ ታገሡ፣ ጊዜው ይመጣል የሚለው ስብከት ድኻውን በድኽነቱ፣ የተበደለውን በበደሉ ለማስቀመጥ ስንት ጊዜ አገልግሏል? ስምዖንንስ ለዚሁ ጕዳይ ልትጠቀሙበት ነው ወይ? ይህ ጥያቄ ታሪካዊ መሠረት አለው፤ ትዕግሥት የሚሰበከው አብዛኛውን ጊዜ ትዕግሥት ለማያስፈልጋቸው ሰዎች ጥቅም ነው። የስምዖንን ጥበቃ ግን ቀርበን ስንመረምረው ለዚያ ዐይነቱ ስብከት አይመችም። አንደኛ፣ የጠበቀው የግሉን ዕረፍት አልነበረም፤ የሕዝቡን መጽናናት ነበር፤ መጽናናትን የሚጠብቅ ሰው ሕዝቡ ማዘኑን አልካደም። ሁለተኛ፣ በቤቱ ተቀምጦ ወሬ አልጠበቀም፤ ቀኑ ሲደርስ ተነሥቶ ሄደ፤ ሐናም ጥበቃዋ የሌሊትና የቀን ሥራ ነበር። ሦስተኛ፣ ሲናገር ነገር አላለዘበም። ይህ ሕፃን በእስራኤል ለብዙዎች መውደቅና መነሣት ይሆናል፤ የሚቃወሙት ምልክት ይሆናል፤ የብዙዎች የልብ ሐሳብ ይገለጣል፤ በእናቱም ነፍስ ሰይፍ ያልፋል አለ። ሰውን ለማስተኛት የሚፈልግ ሰባኪ እንዲህ አይናገርም። እውነተኛ ጥበቃ ዓይንን የሚያነጥር ሥራ ነው፤ በዚያ ቀን በመቅደስ ከነበረው ሕዝብ መካከል የአንድን ድኻ ቤተሰብ ሕፃን ለይተው ያወቁት ሁለት ሰዎች መሆናቸው ይህን ያረጋግጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁለተኛው በተቃራኒ በኩል ይመጣል። ማስረከብ ማስረከብ እያላችሁ ሽማግሌዎችን ልታሰናብቱ፣ ሥርዓትን የሚጠብቁትን ልትገፉ አይደለም ወይ? አረጋዊ በሚከበርበት አገር ይህ ስጋት ተገቢ ነው፤ ዛሬ ወጣትነትን ብቻ የሚያመልክ ዘመንም መጥቷልና። ወንጌሉ የሚለውን እንይ። ስምዖንን ማንም ሂድ አላለውም፤ ስንብቱን የለመነው ራሱ ነው፤ የለመነውም ጌታውን ነው። ከመሄዱም በፊት መረቀ፤ ወጣቷን እናት የሚጠብቃትን መከራ ሳይደብቅ ነገራት። ይህን ሊነግራት የሚችል በዕድሜም በጸሎትም የበሰለ ሰው ነው፤ ጎረቤቶቿ ደስታዋን ሊያበላሹባት አይደፍሩም ነበር። እንዲህ ሲሆን ማስረከብ የሽማግሌ ሥራ ከፍተኛው ደረጃ ነው ማለት ነው። ሐና በ84 ሥራዋን አላቆመችም። የሚነቀፈው ዕድሜ አይደለም፤ የተሰጠንን አደራ እንደ ርስት መቍጠር ነው። በሌላው በኩል ሕፃኑም ያለ ሽማግሌው ክንድ በመቅደስ አልታወጀም፤ አዲሱ ትውልድ የሚያቅፈውንና የሚመርቀውን ገፍቶ ቢሄድ ማን እንደሆነ የሚነግረው አያገኝም።

ታሪክ ራሱ በስምዖን ላይ የሰጠው ፍርድ አለ። ያ ታላቅ መቅደስ ሕፃኑ ከገባበት ቀን ሰባ ዓመት አለፍ ብሎ፣ በ70 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሮማውያን እጅ ፈረሰ። ስምዖንና ሐና ተስፋቸውን በሕንፃው ላይ ብቻ አኑረው ቢሆን ኖሮ ከእንጨቱና ከወርቁ ጋር በነደደ ነበር። ተስፋው የተረፈው ወደ ሌሎች እጆች ስለተላለፈ ነው፤ ወደ እናት፣ ወደ ሐና አድማጮች፣ ከዚያም ወደ ገሊላ፣ ወደ አንጾኪያ፣ ወደ እስክንድርያና ወደ አክሱም። ማንኛውም የሃይማኖት ማኅበረሰብ ከዚህ ሊማር ይችላል። ያልተላለፈ እምነት የቱንም ያህል በወፍራም ግንብ ቢታጠር የሚኖረው እስከ ግንቡ ዕድሜ ነው።

የአገራችን ባህል ይህን ትምህርት የሚያስለምድ ውብ ሥርዓት አለው። በጽዋ ማኅበር ዝክሩን ያወጣው ሰው ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ በምስጋና ያስረክባል፤ ተቀባዩም ዓመት ያድርሰን ብሎ ይቀበላል። ማንም ጽዋው ቤቴ ይቅር አይልም፤ ቢል ማኅበሩ በዚያው ይፈርሳል። በጽዋው የምናውቀውን በትልልቁ ነገር ስንት ጊዜ እንረሳዋለን! ደብር የሚያስተዳድረው፣ የሰበካ ጉባኤ ወንበር የያዘው፣ የዜማውን ጥበብ በልቡ ያኖረው ሊቅ፣ ቤት የሚመራው አባት ሁሉ የተቀበለው አደራ ነው። በውጭ አገር ባሉት አጥቢያዎቻችንም የማስረከብ ጥያቄው ይበልጥ አስቸኳይ ይሆናል። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የተወለደ ልጅ ግእዙን አይሰማም፤ አማርኛውም ይሰነካከልበታል። ልጁን በዚህ ምክንያት ከሃይማኖቱ ውጭ አድርጎ የሚቈጥር ሽማግሌ የሚጠብቀው ልጁ እርሱን መስሎ እንዲመጣ ነው። ስምዖን የጠበቀው መሲሕ በንጉሥ ግርማ ይመጣል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ የመጣው ግን በሁለት የርግብ ጫጩት ዋጋ ነው። ሽማግሌው መልኩን አይቶ አልተሰናከለም፤ ይህ ነው የጠበቅሁት ብሎ ክንዱን ዘረጋ። ሥርዓቱንና ዜማውን ሙሉ ለሙሉ ማስተማር አለብን፤ ለልጆቹ በሚሰሙት ቋንቋ መተርጎምም አለብን፤ ስምዖን ተርጓሚ ነበር ያሉት አባቶች ለዚህ ሥራ ክብር ሰጥተውታል።

ስለዚህ የካቲት 8ን ለማክበር አዲስ ሰልፍ ወይም አዲስ ድግስ አያስፈልግም። በየአጥቢያው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አረጋውያንን ቀርበው የሚጠይቁበት፣ አረጋውያኑም የሚያውቁትን ዜማ፣ ጸሎትና የደብር ታሪክ ቆጥረው የሚያስተምሩበት ቀን ቢሆን ከበዓሉ ጋር ይስማማል። የክርስትና አባቶችና እናቶችም የታቀፏቸው ልጆች ዛሬ የት እንዳሉና ምን እንዳወቁ ቢጠያየቁበት ከሥርዓቱ የወጣ ነገር አይሆንም። አመራር ላይ ያሉት ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ ለራሳቸው ሊያቀርቡ ይገባቸዋል፦ የያዝኩትን ሥራ ነገ የሚቀበል ሰው በስም አውቃለሁ ወይ፣ ባውቀውስ ሥራውን እያስተማርኩት ነው ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላገኘ ሰው ከበዓሉ ቀድሞ ሊሠራው የሚገባ ሥራ አለበት፤ መልሱን ያገኘ ግን ስምዖን የለመነውን ስንብት ያለ ፍርሃት መለመን ይችላል።